በጋቢ የተሸፈኑት ቀንድ አውጣዎች

አዳማ፣
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ነህ? እጅህስ? ጄሶው ከወጣ በኋላ መሪ ስትይዝ ያምህ እንደሆነ እማዬ ማወቅ ትፈልጋለች። አፏን ከፍታ አልጠየቀችም፤ ግን አንድ ቀን ሰው በጄሶ ታስሮ ሲያልፍ ቆማ እስኪርቅ ድረስ አየችው። ስለዚህ እኔ ልጠይቅላት።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ጋሽ ጃፋር ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ስልክህ እንደሚጠራና እንደማታነሳው ነገርኩት። እሱም ለማንም እንደማታነሳ፣ ሞጆ እሱ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ እያደራችሁ እንኳ ስለ ቤት ጉዳይ ሲጀምርልህ ፊትህን ወደ ግድግዳው እንደምታዞር ነገረኝ። «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ንግግር አላውቅም» አለኝ። «አንተ ጻፍ፣ እኔ እጁ ላይ አስቀምጣለሁ። ሳያነበው ግን አላስተኛውም።»

አማርኛ ክፍል ውስጥ ከተማርነው በስተቀር ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ከተሳሳትኩ አትሳቅብኝ። ወይም ሳቅ።

ቤት ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት። ማለቴ ትነሳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትመለሳለች፣ ለእኔ ምሳ ታቀርባለች። አብረን እንብላ ስላት «ቅድም በልቻለሁ» ትላለች። ቅድም እኔም ቤት ነበርኩ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሬአለሁ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ነው የደረሰኝ። የግቢው በር መቀርቀሪያ እንደገና ወልቋል፤ በሽቦ አስሬዋለሁ። ዝናቡ ካበቃ ወዲህ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ ሮቶውን የምሞላው እኔ ነኝ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ወንድሜ ስለ ምልኬሳ ቀንድ አውጣዎች ነው። እየሞቱ ነው፣ አባዬ። እኔ ብቻዬን ላድናቸው አልቻልኩም።

አንተ ከጉዞ ስትመለስ «ሽምብራዎችህ ደህና ናቸው?» እያልክ ምልኬሳን ታበሽቀው ነበር። መጠናቸው እውነትም ሽምብራ ያክላል። ምልኬሳ ከተሰበረ የሱቅ መስታወት ላይ ቆርጦ፣ በሲሊኮን አጣብቆ አኳሪየሙን ሲሠራ መጀመሪያ ያስገባው ዓሣዎቹን ብቻ ነበር። ከዚያ መስታወቱን አልጌ እየሸፈነው ሲያስቸግረው ከአዲስ አበባ እነዚህን አመጣ። ጥቁር ሆነው ቢጫ መስመር ያላቸው፣ ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው አረንጓዴውን የሚልጉ። ሌላ ነገር አይበሉም። ዓሣ ምግብ ይጣልለታል፤ እነሱ የሚበሉት ብርሃን ያበቀለውን ብቻ ነው። ውሃችን እንደሚስማማቸውም ይነግረኝ ነበር፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራው የኛ ውሃ ለነሱ የቤታቸው ሲሚንቶ ነው ይል ነበር። እማዬ መጀመሪያ በጣም ተቃውማው እንደነበር ታስታውሳለህ። ወንጂ ስታድግ ቦዩ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ የነካ ልጅ ቢልሃርዚያ ይይዘዋል እየተባለ በአለንጋ ይባረር ነበር። ምልኬሳ እነዚህ የዚያ ዘር እንዳልሆኑ ስንት ጊዜ አስረዳት። በመጨረሻ እሷ ራሷ አንዱ በጀርባው ወድቆ መነሳት ሲያቅተው «ኧረ ና፣ ልጅህ ተገልብጧል» ብላ ትጠራው ጀመር።

በለቅሶው ሰሞን አክስቴ እትዬ ሻሼ ቤቱን ስታሰናዳ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነች። ይሄ ያለ ነው፣ በሁሉም ሐዘን ቤት ይደረጋል። ከዚያ ዞር ብላ አኳሪየሙን አየችው። መብራቱ በርቶ፣ ዓሣዎቹ እየዞሩ፣ ውሃው እየተንፏፏ። ልጅ የቀበረ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጌጥ በርቶ ሰው ቢያይ ምን ይላል አለች። መብራቱንም የውሃ ማጣሪያውንም ነቀለችና የሚበቃ ጨርቅ ብታጣ ከወንበር ላይ የአንተን ጋቢ አንስታ አጥፋ ሸፈነችው። አንተ ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርክ፤ እጅህ ታስሮ፣ ማንንም ሳታይ። እኔ ቆሜ አየኋት። አስራ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው እያለቀሱ እያሉ «እትዬ ሻሼ፣ ቀንድ አውጣ ብርሃን ይፈልጋል» ብዬ እንዴት ልናገር? ደግሞ ጥቂት ቀን ነው፣ ይችሉታል ብዬ አሰብኩ።

ዓሣዎቹን ለጎረቤታችን ልጅ ለሊዲ ሰጧት፤ ባልዲ ይዛ መጥታ ወሰደቻቸው። ቀንድ አውጣዎቹን ግን እናቷ አልቀበልም አለች። ማን ይቀበላል? እዚያው ጋቢው ስር ቀሩ።

ከዚያ አንተ ከሰልስት በኋላ ስለ መኪናው ጉዳይ ሞጆ ደርሼ እመለሳለሁ ብለህ ሄድክ።

አርባው ሲደርስ እንመጣለን ያሉት ሁሉ መጡ። ከአዳሚ ቱሉ ወንድምህ ጋሽ ጫምሳ አንድ ቀን ቀድሞ ገባ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው በልቶ፣ ሊነሱ ሲሉ እትዬ ሻሼ ጋሽ ጫምሳን በል እንግዲህ የቤቱን ሐዘን አንሳልን፣ ቴሌቪዥኑም ይገለጥ፣ ልጁም ትምህርቱን ይቀጥል አለችው። እኔ ጋቢው አጠገብ ነበርኩ። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ እጄን ልሰድ ምንም አልቀረኝም። የጋሽ ጫምሳ ዓይን በሩ ላይ ነበር። ከዚያ «ሂን ታኡ» አለ፤ «አይሆንም። የልጁ አባት በሕይወት እያለ በሱ ቤት ሐዘን የማነሳ እኔ ማን ነኝ?» ማንም አልተከራከረውም። ለአንተ ክብር ብሎ ነው፤ ገብቶኛል። ግን እንደዚያ ብሎ ወደ አዳሚ ቱሉ ተመለሰ፤ ሁሉም ነገር እንደተሸፈነ ቀረ። ቴሌቪዥኑም እስከ ዛሬ ነጠላ እንደለበሰ ነው። ስለሱ ግድ የለኝም።

በዚያው ሳምንት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የጋቢውን ጫፍ ከኋላ በኩል ገለጥኩ። ይሸታል። አረንጓዴው ሁሉ ቡናማ ሆኖ ረግፏል። ምልኬሳ እንዴት እንደሚለይ አስተምሮኝ ነበር፦ ክዳኑን የዘጋ በሕይወት አለ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሥጋው ከተንጠለጠለ ግን አልቋል። ያለቁትን በማንኪያ አወጣኋቸው። ከግማሽ በላይ ነበሩ። የውሃ ማጣሪያውን መልሼ ሰካሁት፤ ድምፁ ስለማይሰማ እስካሁን ማንም አላወቀም። መብራቱን ግን ማብራት አልቻልኩም፣ በጋቢው አልፎ ይታያል።

ያልሞከርኩት የለም። ጎመን ቀቅዬ ጣልኩላቸው፤ በስብሶ ውሃውን አበላሸው እንጂ አልነኩትም። ዝኩኒም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምልኬሳ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለኔ ትቷቸው ሲሄድ፣ አልጌው ካለቀ ድንጋይ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርገህ ፀሐይ ላይ አቁም ብሎኝ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ፀሐይ አይጠፋም። የጃም ጠርሙሶች ሰብስቤ፣ ድንጋይ ከትቼ፣ ሮቶው ካለበት ቆጥ ላይ ደረደርኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ድንጋዮቹ አረንጓዴ ለበሱ። እማዬ ስትወጣ አንዱን ድንጋይ አስገባለሁ፣ የተላጠውን አወጣለሁ። መጀመሪያ ቀን አንዱ ቀንድ አውጣ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ መላግ ሲጀምር በእጅ ባትሪ እያየሁት ነበር። እንደ ማጭድ እየዞረ፣ ያለፈበትን አጥርቶ። አባዬ፣ ጋቢው ስር አንገቴን አስገብቼ አለቀስኩ። የአንተ ጋቢ ደግሞ እስካሁን የሲጋራና የናፍጣ ሽታ አለው።

ግን አይበቃም። ድንጋይ ሲገባ አንድ ቀን ይበላሉ፣ ሦስት ቀን ይጾማሉ። እማዬም ሁልጊዜ አትወጣም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እትዬ ሻሼ መጥታ፣ ጠርሙሶቹ የወባ ትንኝ ያፈላሉ ብላ ሁሉንም ደፋቻቸው። እንደገና ጀመርኩ። እሷን አልቀየምኳትም፤ ሁሉንም የምታደርገው ለኛ ብላ ነው። ያንን ጀሪካን የደፋችውም እሷ ናት። አንተ ይህን አታውቅም። ልንገርህ ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ አሰብኩ።

ምልኬሳ እናንተ ጅቡቲ ሳላችሁ ከባሕሩ ዳር ደውሎልን ነበር። ድምፅ ከፍ አድርገን እኔና እማዬ አብረን ነው የሰማነው። ባሕሩ እንደ ሾርባ ይሞቃል አለ። ቀንድ አውጣዎቹ መስታወቱ ላይ የሚጥሉት ነጭ እንቁላል፣ እማዬ «ሰሊጥ የበተነ ማነው?» የምትለው፣ በኛ ውሃ እንደማይፈለፈል ታውቃለህ። ልጆቹ የባሕር ጨው ካላገኙ አያድጉም። ስንት ክረምት ውሰደኝ ብሎ ሲለምንህ አንተ ጨዉን ከሱቅ ገዝተህ በጥብጠው ትለው ነበር። ዘንድሮ ግን እሺ አልከው። በስልኩ ከኋላ ያንተ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ «ልጄ የአገሩን ጨው ንቆ ባሕር ሊጭንብኝ ነው» ትል ነበር። እማዬ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብቻዋን ስትስቅ አየኋት።

ከመኪናው ዕቃ ሲመጣ የባሕሩን ውሃ የያዘው ጀሪካን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም ነበር። ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አጥብቆ አስሮታል። እትዬ ሻሼ እንዲህ ተጠንቅቆ የታሰረውን ስታይ ጸበል መሰላት። ለእማዬ ልታጠጣት ቀድማ ራሷ ቀመሰችው፣ ተፋችው፣ ምን ዓይነት ነገር ነው ብላ ወስዳ ሎሚው ስር ደፋችው። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እያስተናገድኩ ነበር። ስመለስ ባዶው ጀሪካን ተደፍቶ ይንጠባጠባል። ምን ልበላት? ያ ውሃ ምን እንደሆነ ብነግራት ራሷን ይቅር አትልም። ሎሚውም ቅጠሉ ደርቋል፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ሰው ይጠይቃል።

አባዬ፣ ማንም አንተን የሚወቅስ የለም። ትራፊክ ፖሊሱ የጻፈውን ጋሽ ጃፋር አንብቦልናል፤ ግመሎቹ በድንገት እንደገቡ፣ ፍሬኑን እንደያዝክ፣ ምልክቱ አስፋልቱ ላይ እንደነበር። እኔ ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለኝም። እማዬም አልጠየቀችም። አንተ ግን ያልተጠየቅከውን የምትመልስ እየመሰለህ ይሆን ከኛ የምትርቀው?

አዲሱን መኪናህን አውቀዋለሁ። ነጩ፣ ከፊቱ አረንጓዴ መስመር ያለው። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ መሻገሪያ ስንጠብቅ አለፍክ። ከጅቡቲ ጭነህ ወደ ሞጆ ነው። ጓደኛዬ ባጃጅ እየጠራ ስለነበር አላየህም። እኔ ግን እጄን አንስቼ ነበር። ፊትህ ወደ ፊት ነበር። አላየኸኝም ብዬ ነው የማስበው።

ለጋሽ ጃፋር ይህን ስነግረው፣ አዳማ መግቢያ ላይ ስትደርስ ሬዲዮኑን እንደምታጠፋ፣ ከተማው እስኪያልቅ ድረስም ሲጋራ እንኳ እንደማትለኩስ ነገረኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። እሑድ እማዬ ቅዳሴ እንደሄደች ድንጋይ ይዤ ገባሁ። እጄ እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ እያለ በሩ ተከፈተ። ቅዳሴው ሳያልቅ ነው የተመለሰችው። እጄን ማውጣት አቃተኝ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ።

«እያበላኋቸው ነው።»

ነጠላዋን ሳታወልቅ ቀስ ብላ መጣች። «አሉ እንዴ?»

«አራት አሉ።»

ከጎኔ ተንበረከከችና ከገለጥኩት ጫፍ በኩል አየች። ብዙ አየች። አንዱ ተገልብጦ ነበር፤ በጣቷ ቀና አደረገችው። ያኔ ድፍረት አገኘሁና እማዬ ጋቢው ይነሳ አልኳት። መብራቱ ይብራ፣ ብርሃን ካላገኙ እነዚህም ያልቃሉ፣ ድንጋዩ አይበቃም፣ እኔ ብቻዬን አልቻልኩም አልኳት። ስናገር ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነብኝ።

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ስትከፍት ከአስፋልቱ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ መጣ። ማርሽ ሲቀንስ ሰማነው። እማዬ ቆመች። መኪናው ማርሽ ጨምሮ እስኪያልፍ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ስንት መኪና በቀን እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ለሁሉም እንዲህ ነው የምትሆነው።

ከዚያ «አባትህ መጥቶ ያንሳው» አለች።

የጋቢውን ጫፍ መልሳ፣ እንደ ሕፃን ልብስ አስተካክላ ወተፈችውና ወደ ጓዳ ገባች።

ይህን ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። እንዴት እንዳለችው ግን ልጽፍልህ ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ቁጣ አልነበረም። ለቅሶም አልነበረም። እንደ ጋሽ ጫምሳ ወግ ይጠበቅ ማለቷም አይመስለኝም። አንተ ብትሰማው ታውቀው ነበር፤ እኔ እሷን እንዳንተ አላውቃትም።

ዛሬ ጠዋት ሳይ ሦስት ሆነዋል።

ለቀንድ አውጣ ሲል ሰው ሥራውን ትቶ ይመጣል ብዬ አይደለም። በሞጆም ሆነ በአዳማ ገበያ እንደነሱ ያለ አይገኝም እንጂ፣ ቢገኝም ሌላ ብንገዛ ያው አይሆንም። እነዚህ እሱ ሲገለበጡ በጣቱ ያቃናቸው ናቸው። ሦስቱም ከሞቱ ጋቢው ስር ውሃ ብቻ ይቀራል፤ እማዬም ውሃ ሸፍና የምትኖር ይመስለኛል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለኝም። እማዬም ሐሙስ ከቤት አትወጣም። ጋሽ ጃፋር ሐሙስ ከሞጆ ባዶ ወደ ጅቡቲ እንደምትወጡ ነግሮኛል። መኪናህን አስፋልቱ ላይ ብታቆም ችግር የለም፣ እኔ ወጥቼ እጠብቅልሃለሁ። የግቢውን በር ሽቦ ፈትቼ እተወዋለሁ። ምንም መናገር አይጠበቅብህም። ማንም ምንም አይጠይቅህም፤ እትዬ ሻሼም ወንጂ ናት። ኅዳር ገብቷል፣ የመንገዱ ብርድ ጀምሯል። ጋቢህን ልትወስድ መጣህ ብለን እናስባለን።

የአኳሪየሙ መብራት ሶኬት ከኋላ በስተግራ ነው።

የምታሽከረክርበት መንገድ የሰላም ይሁን። ግመሎቹን፣ ጭጋጉንና እንቅልፉን እግዚአብሔር ከፊትህ ያርቅልህ። እጅህን አታድክም።

ታናሹ ልጅህ፣
ጀቤሳ